ጋሼ ለሜሳ ሳጥናቸውን የለኩ ዕለት

በቁሙ የሬሳ ሳጥኑን ያሠራ ሽማግሌ እንዳለ በልጅነቴም ሰምቻለሁ። አሠርቶ ሲያበቃ ግን «ሽታው ራሴን ያመኛል፤ ሌላ ቀቢልኝ» ብሎ የተሟገተ ሰው ከአንድ በቀር አላጋጠመኝም። እኔን ዛሬ ያለሁበት ቦታ ያቆመኝ የእኚያ ሰው ሳጥን ነው። የምነግራችሁን ባታምኑ አልቀየማችሁም። እኔም እዚያ ግቢ ውስጥ በነጠላ ተጠቅልዬ ባልቆም ኖሮ አላምንም ነበር።

ያን ጊዜ ሃያዎቹን አጋምሻለሁ። መቱ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለው የጋሼ በላቸው የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ የመጨረሻው እጅ የእኔ፣ የብርቱካን፣ ነበር። አናጺዎቹ አልጋውን፣ ቁምሳጥኑን፣ በርጩማውን ገጣጥመው ሲጨርሱ ወደ እኔ ይገፉታል። እኔ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ፣ ክፍተቱን በስቱኮ እደፍናለሁ፣ ከዚያ ቫርኒሹን በአኳራጃ አቅጥኜ እቀባለሁ። ጋሼ በላቸው የሚያውቁት ማስዋቢያ ቫርኒሽ ብቻ ነበር። ለእሳቸው ያላንጸባረቀ እንጨት ያልታጠበ ፊት ነው።

ሥራውን አልወደውም ነበር። ሽታው ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ ቤተ ክርስቲያን ስቆም አጠገቤ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ይስባሉ። እናቴ በሳልኩ ቁጥር «የተማርሽ ልጅ ሆነሽ እንደ ጋራዥ ትሸቻለሽ» ትለኛለች። ስለዚህ ቤሩት ልሄድ ወስኜ ፓስፖርቴን አውጥቼ ነበር። ምን እንደምሠራ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ «ለጊዜው ነው» እላለሁ።

በጥቅምት አንድ ማለዳ፣ ሰፋፊ የዋንዛ ጣውላ የጫነ አይሱዙ በራችን ላይ ቆመ። ከጋቢናው ቀጠን ያሉ፣ በጋቢ ላይ ኮት የደረቡ ሽማግሌ ወረዱና ከጋሼ በላቸው ጋር ተጨባበጡ።

«ለሜሳ እባላለሁ፤ የኡካ ሰው ነኝ። እንጨቱን ራሴ አምጥቻለሁ። ሳጥን እንድትሠሩልኝ ነው።»

«በደስታ» አሉ ጋሼ በላቸው። «የልብስ ነው የእህል?»

«የእኔ።»

«ማለቴ... ምን የሚቀመጥበት ነው?»

«እኔ የምተኛበት።»

መላጊያው ቆመ። መጋዙም ቆመ። አናጺዎቹ ሁሉ ቀና ብለው ሰውየውን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው። ጋሼ ለሜሳ ግን የሚደነቅ ነገር የተናገሩ አይመስሉም፤ በርጩማ ስበው ተቀመጡና ነገሩን አስረዱን።

«መቱ መጥቼ ሐኪም ዘንድ ገባሁ። ጨው ተው አለኝ። ሥጋ ተው አለኝ። ቡና ቀንስ አለኝ። ሲጨርስ 'ከዚህ ሌላ ምንም የለብዎትም' አለኝ። ልጁ ዋሸ አልልም። ሌላ ምን ቀረኝ? ለኅዳር ቁም ተዝካሬን አበላለሁ፤ ሰው በቁሙ ተዝካሩን ካበላ ደግሞ ሳጥኑም በቁሙ ይዘጋጅ።»

አናጺዎቹ «በቁሙ ያለ ሰው አንለካም» ብለው አሻፈረኝ አሉ። በመጨረሻ ጋሼ በላቸው ራሳቸው ሜትሩን ይዘው፣ እያማተቡ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ለኩ። ሽማግሌው «ትከሻው ላይ ትንሽ ሰፋ አድርገው፤ ጠባብ ነገር አልወድም» አሉና ወጡ።

የአይሱዙው ሹፌር ጣውላውን እያወረደ የእንጨቱን ታሪክ ነገረን። ዋንዛው የጋሼ ለሜሳ አባት የተከሉት ነው። ቆሞ የነበረው በእሳቸውና በታናሽ ወንድማቸው በጋሼ ዲሪባ ጓሮ ወሰን ላይ ነው። ጋሼ ዲሪባ ንብ ነው የሚያረቡት፤ ቀፎዎቻቸውን እዚያ ዛፍ ላይ ይሰቅሉ ነበር። አንድ ቀን ገበያ ሄደው ሲመለሱ ዛፉ መሬት ላይ ተጋድሟል። ጋሼ ለሜሳ «ጣሪያዬ ላይ ሊወድቅ ነበር» አሉ። ጋሼ ዲሪባ «ንቤን በትነህ፣ የአባቴን ዛፍ ገደልክ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ አጥር ግራና ቀኝ እየኖሩ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ጣውላው በዚያ ሁሉ ዓመት ከጎተራ ሥር ደርቆ ነው የመጣው።

ሳጥኑ ተሠርቶ ወደ እኔ ተገፋ። ሌላውን ሥራ እንደምሠራው አለስልሼ አንድ እጅ ቫርኒሽ ቀባሁት። በማግስቱ ጋሼ ለሜሳ ሊያዩ መጡ። ጎንበስ ብለው ራሳቸውን ሳጥኑ ውስጥ አስገቡ፤ ሲያወጡት ዐይናቸው አልቅሷል።

«ምንድን ነው ይሄ ልጄ?»

«ቫርኒሽ ነው ጋሼ። እንጨቱን ከውኃና ከነቀዝ ይጠብቃል። ያበራል።»

«ራሴን ፈለጠኝ እኮ! አንድ ሰዓት ብተኛበት እሞታለሁ።»

ሳቄን ያዝኩት። «ጋሼ፣ እሱ ጊዜ ሲደርስ እኮ አይሸትዎትም።»

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ። «ደርሰሽ መጥተሻል?»

የቫርኒሹን ጣሳ ከድኜ ወደ ጎን አደረግሁት። 

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሆነው ሥራ ቤታችን ታይቶ የማያውቅ ነገር ነው። ከዚያው ከዋንዛው ቁርጥራጭ ላይ የተለያየ ነገር ቀብቼ እንዲያሸቱ አዘጋጀሁላቸው። አንዱን በአልኮል በሟሟ የጎማላካ ሙጫ፣ አንዱን በተልባ ዘይት፣ ሌላውን ሰም በተልባ ዘይት አሙቄ። ሰሙን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ እንጂ ጋሼ በላቸው ዘንድ ቀብቼው አላውቅም። ሽማግሌው ግን ቆሞ ማሽተት በቂ አይደለም አሉ። «የምጠቀመው ተኝቼ ነው» ብለው የአናጺዎቹ ጠረጴዛ ላይ በጀርባቸው ተንጋለሉ፤ ፊታቸው ላይ ካርቶን እንድደፋባቸውና ቁራጮቹን አንድ በአንድ ከሥሩ እንዳስገባ አዘዙኝ።

ጎማላካውን አስገባሁ። ከካርቶኑ ውስጥ ድምፅ መጣ። «ይሄ ያሰክራል። ሰክሬ ፈጣሪ ፊት አልቀርብም። ቀጥዪ።»

የተልባውን አስገባሁ። «ይሄ የጾም ወጥ ነው። ጾሙን እዚህ ጨርሻለሁ። ቀጥዪ።»

በዚህ መሃል የሠርግ አልጋ ሊያሠሩ የመጡ እጮኛሞች በሩ ላይ ደረሱ። ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ፣ ፊቱ በካርቶን የተሸፈነ ሽማግሌ አዩ፤ አጠገቡ ቁርጥራጭ እንጨት የያዘች ሴት፣ ከጎኑ ክፍት የሬሳ ሳጥን። ልጅቷ የልጁን ክንድ ጨብጣ ወደ ኋላዋ ተመለሰች። ጋሼ በላቸው «እኚህ ሰውዬ ሳይሞቱ ቤቴን ሊቀብሩት ነው» እያሉ ቢሯቸው ገብተው ዘጉ።

ሰሙን አስገባሁ። ከካርቶኑ ሥር ምንም ድምፅ አልመጣም። ጠበቅሁ። ደረታቸው ቀስ እያለ ይነሣል፣ ይወርዳል። በጣም ሲቆዩ ፈርቼ ካርቶኑን አነሣሁት፤ ዐይናቸውን ጨፍነዋል፣ ፊታቸው ግን ሌላ ሰው ሆኗል።

«የጓሯችን ሽታ ነው» አሉ በቀስታ። «የድሮው ጓሯችን። ይሄን ቀቢኝ።»

«ቀቢኝ» ነው ያሉት፤ «ቀቢልኝ» አላሉም።

በገበያ ቀን በሚኒባስ ሁሩሙ ሄጄ ጠጅ ከሚጥሉ ሴት ሰፈፍ ገዛሁ፤ ማሩ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን ድፍድፍ ሰም ማለት ነው። ደንቡ ሰፈፉን በውኃ አፍልቶ፣ በጨርቅ አጥልሎ፣ ንጹሑን ሰም ብቻ ማስቀረት ነው። ጋሼ ለሜሳ ግን ማጥለያውን ጨርቅ ሳዘጋጅ ደርሰው እጄን ያዙኝ።

«አታጥሪው። ካጠራሽው ሻማ ነው የሚሆነው። እኔ ሻማ ውስጥ አልተኛም። ማሩ ይሽተት።»

«ጋሼ፣ ይጣበቃል። አቧራ ይይዛል።»

«አፈር ውስጥ ለሚገባ ነገር ስለ አቧራ ታወሪልኛለሽ?»

በግርጌው በኩል ደግሞ ጉጡ ወልቆ የጣት ውፍረት የምታህል ቀዳዳ ነበረች። በስቱኮ ልደፍናት ስል «ተያት» አሉኝ። «መተንፈሻ ትሁነኝ።»

ቫርኒሹን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አነሣሁት። ከዚያ ትኩሱን ሰፈፍና ዘይት በጨርቅ እያጠቀስኩ ከውስጥም ከውጭም አሸሁት። ዋንዛው ጠጣው። የደበዘዘው ጣውላ ከእጄ ሥር እንደ ጠይም ቆዳ ሞቆ ወጣ፤ በቫርኒሽ ሥር አይቼው የማላውቀው የእንጨት መስመር ሁሉ ታየ። በነዚያ ቀናት አለመሳሌን ያስተዋለችው እናቴ ናት። እኔ ያስተዋልኩት ወደ ቤት መሄጃዬ ሰዓት ማለፉን መርሳቴን ነው።

ሳጥኑ ኡካ የሚደርሰው በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ነው። በመንገድ ስለሚጫር የመጨረሻውን ማሸት እዚያው እንድጨርስ ጋሼ ለሜሳ ለመኑኝና አብሬ ሄድኩ። «በሸራ እንሸፍነው» ብንላቸው «የደከምሽበት ይታይ» ብለው ከለከሉ። መከልከላቸው ምን እንደሚያመጣ ያሰበ አልነበረም።

ሚኒባሱ ሰው ባለበት ሁሉ ሲያልፍ ባርኔጣ ይወልቃል። በቅሎ የጫኑ ሰዎች መንገድ ለቀው ቆመው ያማትባሉ። ኡካ መግቢያ ላይ ስንደርስ አንዲት ሴት ጣሪያውን አየች፣ ቀጥሎ ጋሼ ለሜሳ የከተማ ሐኪም ዘንድ መመላለሳቸውን አስታወሰች መሰለኝ፣ እጇን ራሷ ላይ ጭና «ወዮ ለሜሳ!» ብላ ጮኸች። ጩኸቱ ከደጅ ደጅ ተቀባበለ። ሰው ከየቤቱ እየወጣ ደረቱን እየመታ ከሚኒባሱ ኋላ ይሮጥ ጀመር።

ጋሼ ለሜሳ ከሹፌሩ ጎን ነው የተቀመጡት። መስኮቱን አውርደው ራሳቸውን አወጡና በኦሮምኛ «ሂን ዱኔ! ሂን ዱኔ!» እያሉ ጮኹ፤ አልሞትኩም፣ አልሞትኩም። አንድ ጎረምሳ ግን አይቷቸው ጭራሽ ባሰበት። «መንፈሱ ነው!» ብሎ ወደ ቡናው ማሳ ውስጥ ዘለለ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ባላቸውን ከላይ እስከ ታች አዩና «ደስ ይበልህ፤ አስለቀስካቸው» ብለው ገቡ።

ቁም ተዝካሩ በማግስቱ ነበር። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል፣ ቄሱ መጥተዋል፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቧል፤ ከአጥሩ ማዶ ካሉት ከጋሼ ዲሪባ በቀር። እኔ ሳጥኑን ደጅ፣ ፀሐይ ላይ አውጥቼ በሱፍ ጨርቅ አሸዋለሁ። ፀሐዩ ሰሙን አሞቀው፤ የማሩ ሽታ ግቢውን ሞላው። እንግዶቹ ሳይቀሩ «ጠጁ ከየት ነው?» እያሉ ይዞራሉ። ጥቂት ንቦች መጥተው በጉጡ ቀዳዳ ዙሪያ ሲያንዣብቡ አየሁ። በጨርቁ አባረርኳቸው። ሄዱ። ትንሽ ቆይተው በርከት ብለው መጡ። እሱንም ማር ሸቷቸው ነው ብዬ ተውኩት። ንብ ቤት ስትፈልግ መጀመሪያ ጥቂቶቹን ልካ እንደምታስጎበኝ ማን ነግሮኝ?

ምግቡ ሊቀርብ ሲል ጋሼ ለሜሳ ነጭ በነጭ ለብሰው ወጡ። «ወገኖቼ፣ የነገውን ቤቴን እዩልኝ» አሉ። ቄሱ «ተው አቶ ለሜሳ፣ ይህ ደግ አይደለም» ቢሉ አልሰሙም። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ ተንጋለሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጠፉ። «ትከሻው ልክ ነው» አሉ ከውስጥ። «ሽታውስ! ኑ አሽቱት!»

የመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎች ጎንበስ ሲሉ ነው ድምፁ የመጣው። ሩቅ ያለ ወፍጮ ይመስል ነበር። ከዚያ ከአጥሩ ማዶ ጥቁር ነገር እንደ ጢስ ተነሥቶ፣ እየተንከባለለ፣ በዳሱ ላይ መጣ።

«ከኒሳ!» አለ አንዱ። ንብ!

ምን ልበላችሁ። ዳሱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚወጣበትን ፈለገ። ወንበሩ፣ ሳህኑ፣ የጠላው እንስራ አንድ ላይ ተገለበጠ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ወጥ ቤት ገቡ። ጋሼ ለሜሳ ሊነሡ ክንዳቸውን ሳጥኑ ጠርዝ ላይ አሳረፉ፤ ሰማዩን አዩ፤ ጊዜ እንደሌለ ገባቸው። ከጎን የተደገፈውን ክዳን በሁለት እጃቸው ጎትተው በላያቸው ላይ ዘጉት።

መንጋው ክዳኑ ላይ ሰፈረ።

እኔ ከሳጥኑ አራት አምስት እርምጃ ያህል ርቄ፣ ነጠላዬን ከራሴ እስከ ጉልበቴ ተጠቅልዬ ቆሜ ቀርቻለሁ።  ግቢው ጸጥ አለ፤ ያ ወፍጮ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ከሳጥኑ ውስጥ፣ የታፈነ፣ በጣም ትሑት ድምፅ መጣ።

«ብርቱካን... አለሽ?»

«አለሁ ጋሼ።»

«ሄዱ?»

«አልሄዱም። ክዳኑ ላይ ናቸው።»

«ብዙ ናቸው?»

ክዳኑ አይታይም ነበር። «ደህና ናቸው» አልኩ።

 ከዚያ ድምፃቸው ቀጠነ። «ብርቱካን... ያቺ መተንፈሻ... በእግሬ በኩል እየገቡ ነው። እግሬ ላይ እየሄዱ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ንቦቹ ለቤት የሚሆን ጨለማ፣ ማር ማር የሚል፣ ጠባብ በር ያለው ሳጥን አግኝተዋል። ተከራይ እንዳለበት አላወቁም።

«አይንቀሳቀሱ ጋሼ! እንደ ሞተ ሰው ይሁኑ!» አልኩ፤ ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው ያልኩትን የሰማሁት።

«መሞት አልፈልግም» አሉ ከውስጥ። «ስሚኝ ልጄ፣ ጨውንም እተዋለሁ። ሥጋውንም እተዋለሁ። አውጪኝ።»

እትዬ አስካለ ከቤቱ መስኮት ሆነው «ዲሪባን! ዲሪባን ጥሩ!» አሉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። በሁለቱ ቤት መካከል ላለው ጠብ ወገን ያልያዘ የኡካ ሰው የለም፤ ያንን በር አንኳኩቶ መግባት የሚችለው ከመቱ የመጣ እንግዳ ብቻ ነው። ወደ ኋላዬ እያፈገፈግሁ ወጣሁና በአጥሩ ዞሬ ሮጥኩ።

ጋሼ ዲሪባ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ለቀፎ የሚሆን ሸምበቆ ይሰነጥቃሉ። ትናንትና የወንድማቸውን ልቅሶ ሰምተዋል፤ ዛሬ ድግሱን ሰምተዋል፤ ቀና አላሉም።

«ጋሼ፣ ወንድምዎ...»

«ሞተ?»

«አልሞቱም። ሳጥን ውስጥ ናቸው።»

«ታዲያ ምን ቀረው?»

«ንብ ሰፈረባቸው! መንጋ!»

ሸምበቆው ከእጃቸው ወደቀ። «ንብ? ከየት የመጣ?»

«ከዚህ ግቢ ነው የተነሣው።»

«የኔ ንብ!» ብለው ዘለው ተነሡ። የሚጨስ ኩበትና የውኃ ዕቃ ይዘው፣ በዕድሜያቸው የማይጠበቅ ሩጫ ሮጡ። ለወንድማቸው እንዳልሮጡ ለእግዚአብሔር ግልጽ ነው።

ለዓመታት ባልረገጡት ግቢ ገብተው ሳጥኑ አጠገብ ቆሙ። መንጋውን አዩ፤ ከዚያ እንጨቱን አዩ። እጃቸውን በንቡ መካከል ቀስ አድርገው ጣውላውን ዳሰሱት። «ዋንዛው ነው» አሉ።

ከውስጥ «ማነው?» አለ ድምፅ።

«ዲሪባ ነኝ።»

 «ደህና ነህ?» አሉ ጋሼ ለሜሳ።

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሳቁን መያዝ አቅቶት ሲያፈነዳ ሰማሁ። ጋሼ ዲሪባ ግን ቁም ነገር ላይ ናቸው። የሚጨሰውን ኩበት መሬት ላይ አስቀመጡና ቁጢጥ አሉ።

«ከመክፈቴ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ። ዛፉ የማን ነበር?»

«አሁን ነው የምትጠይቀኝ? እግሬን ነደፈኝ!»

«አንዷ ናት። ዛፉ የማን ነበር?»

«የአባታችን!»

«ማን ቆረጠው?»

«...እኔ።»

«ጣሪያህ ላይ ሊወድቅ ነበር?»

ንቦቹ ያጉረመርማሉ። ሰው ሁሉ ከየመስኮቱ፣ ከየበሩ ስንጥቅ ጆሮውን ሰጥቷል።

«አልነበረም» አለ ሳጥኑ። «ማርህ ገበያ ሲደነቅ፣ የኔ ቡና ደግሞ በጥላው ሥር ሲመነምን... ቀናሁ። በቃ ቀናሁ። ክፈትልኝ ዲሪባ።»

ጋሼ ዲሪባ ፊታቸውን በእጃቸው አሹት። ጢሱ ይሁን ሌላ እኔ አላውቅም። «እሺ። ንቡስ የማን ነው?»

«በኔ ሳጥን ከሰፈረ በአገሩ ልማድ የኔ ነው» አሉ ጋሼ ለሜሳ፤ ድምፃቸው ድንገት በረታ።

«ከኔ ቀፎ የወጣ ንብ!»

«ሳጥኑ የማን ነው?»

«እንጨቱ የማን ነው?»

እትዬ አስካለ ትዕግሥታቸው አለቀ። በሩን በርግደው ብቅ አሉና «ማሩን እኩል ትካፈላላችሁ! አሁን ባሌን አውጣልኝ!» ብለው ጮኹ። ሁለቱም ወንድማማቾች በአንድ አፍ «እሺ» አሉ።

«ቆይ» አሉ ጋሼ ለሜሳ ወዲያው ከውስጥ። «ሳጥኑን ንብ ከወሰደው እኔ በምን ልቀበር?»

«አትሙታ!» አሉ ጋሼ ዲሪባ።

እንዴት እንዳወጧቸው ልንገራችሁ። ጢሱን በራስጌ በኩል በቀስታ ለቀቁት፤ በክዳኑ ላይ ያሉት ንቦች ወደ ግርጌው ተሰበሰቡ። ውኃ እፍ እፍ አሉባቸው። ከዚያ ለእኔ «ያንቺ እጅ ሰም ሰም ይሸታል፤ አይጣሉሽም። ራስጌውን አንሺ» አሉኝ። ያንን ያሉኝ እንዳልፈራ ነው ወይስ እውነት ነው፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። ክዳኑን ከፍ አደረግሁት። ጋሼ ለሜሳ በላብ ርሰው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ልክ እንደ ሕፃን በራሳቸው በኩል ቀስ እያሉ ተንሸራተው ወጡ። ወንድማቸው በብብታቸው ይዘው ሳቧቸው። አንድ እግራቸው አብጦ ጫማ አይገባበትም። ክዳኑን መልሰን ስንዘጋ መንጋው በሙሉ በዚያች ቀዳዳ ተራ በተራ ገባ።

ጋሼ ለሜሳ መሬት ላይ ተቀምጠው ሲተነፍሱ ቆዩ። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ቀና አሉ። ተቃቅፈው ይላቀሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። «እስቲ ጨው ያለበት ነገር ስጡኝ» ብቻ ነው ያሉት። ቄሱ ከወጥ ቤት ወጥተው፣ ተዝካሩ ይቅርና የእርቅ ማዕድ ይሁን ብለው ባረኩ። ያልፈሰሰው ጠላ ተቀዳ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የሠፈሩ ሰው በገመድ እየጎተተ የሬሳ ሳጥኑን ወሰኑ ላይ ካለው ሌላ ዛፍ ላይ ሰቀለው። በመንገድ የሚያልፍ አንድ እንግዳ ቀና ብሎ አይቶ መንገዱን ቀይሮ ሲሄድ አይቻለሁ።

እኔ በማግስቱ መቱ ተመለስኩ። ቤሩት አልሄድኩም። ለእናቴ ምክንያቱን ሳስረዳ ዓረፍተ ነገሩ አልገጥም አለኝ፤ «የገዛሁትን ሰም አልጨረስኩም» ነው ያልኳት። አንባቢዬ፣ አንተም ሆንክ አንቺ እንደ እኔ «ለጊዜው ነው» እያላችሁ የምትሠሩት ሥራ ካለ፣ የምመክራችሁ ትልቅ ነገር የለኝም። የገባኝ ትንሽ ነገር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ዕቃው ከማን ጋር እንደሚኖር ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ቀብቼ እገፋዋለሁ። እኚያ ሽማግሌ ካርቶን ሥር ተኝተው አንድ በአንድ ሲያሸቱ፣ እንጨት የሚቀባው ለሚነካውና ለሚያሸተው ሰው መሆኑን መጀመሪያ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው። ዛሬ የራሴ ትንሽ ሥራ ቤት አለኝ። በርጩማና የሕፃን አልጋ በሰምና በዘይት እሠራለሁ፤ ጠረጴዛ ሲሆን፣ ውኃ ስለሚፈስበት፣ ቫርኒሽ እቀባለሁ። ደንበኛዬ ሁሉ ቁርጥራጭ እንዲያሸት አደርጋለሁ። ሰፈፉን ግን ሁልጊዜ አጠራዋለሁ። ተኝቼ ላሽት የሚል እስካሁን አልመጣም፤ ቢመጣም ቦታ አለኝ።

ጋሼ ለሜሳ ከዚያ በኋላ ብዙ ማር በልተው፣ ጨውንም ሳይተዉ፣ ባለፈው ዓመት በአልጋቸው ላይ ዐረፉ። ወሬው ሲደርሰኝ ሰምና ጨርቄን ይዤ ኡካ ሄድኩ። ሳጥን በችኮላ ከከተማ ተገዝቶ ደርሷል፤ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ተራ ባሕር ዛፍ። ልፋቀውና ደኅና አድርጌ ልሥራው ብዬ ጠየቅሁ። እትዬ አስካለ እንባቸውን እየጠረጉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተናግሮ ነው የሞተው» አሉኝ። «'አንዴ ገብቼ ወጥቻለሁ። ሁለተኛውን እንደፈለጋችሁ' ብሎኛል።»

ስለዚህ ጨርቄን አስቀምጬ ከሴቶቹ ጋር አለቀስኩ። አስከሬኑ ሲወጣ ጋሼ ዲሪባ የራስጌውን በኩል ያዙ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ቁልቁለቱ ያዳልጣል። ጎረምሶቹ ሊፈጥኑ ሲሉ ዘወር ብለው ገሠጿቸው።

«ቀስ በሉ» አሉ። «ሰው ይዘናል።»